ስምሽን ስጽፍ የሚመጣው

ውድ ሠርካዲስ፣

ይህን ደብዳቤ የምልክልሽ በአከራይሽ በወይዘሮ ፀሐይቱ እጅ ነው። የት እንዳለሽ አልነገሩኝም፤ አዲሱን ስልክሽንም አልሰጡኝም። «ምዬላታለሁ ልጄ፣ አፌን አታስከፍቺኝ» አሉኝ በራቸው ላይ እንደቆምኩ። ላስጨንቃቸው ስላልፈለግሁ ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ። ከላይ ጠሩኝና «ወረቀት ከጻፍሽ ግን አደርሳለሁ፤ ወረቀት አልሰጣትም ብዬ አልማልኩም» አሉኝ። ሳቅኩ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ የሳቅኩት ያን ዕለት ይመስለኛል።

ደብዳቤ ከጻፍኩ ስንት ዘመኔ ነው! እጄ ራሱ ረስቶታል። የተሳሳትኩትን ማጥፋት ስለማይቻል ሰርዤ አልፌዋለሁ። ስርዙ ከበዛብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሠርኬ፣ እኔና አንቺ ሰው መፈለግ እንዴት እንወድ ነበር! የምናስተምራቸው ሕፃናት ምሳ በልተው ሲተኙ እኛ ከመስኮቱ ሥር ወንበር ስበን ስልካችን ላይ እናቀረቅራለን። «ስሙን ከነአባቱ ስጪኝ» ትይኛለሽ፣ እንደ ትልቅ መርማሪ። አዲሱ ርእሰ መምህር ገና ሥራ ሳይጀምር የሰርጉን ፎቶ አይተን ነበር፤ ሚዜዎቹን ሳይቀር ለይተናቸው ነበር። ያ «ላጤ ነኝ» እያለ በየቀኑ የሚደውልልሽ ሰውዬስ? ከሚስቱ ጋር ኬክ ሲቆርስ አገኘነው። እንባችን እስኪፈስ ሳቅን፤ ቁጥሩንም እዚያው ዘጋሽው። የኮሌጅ ጓደኞቻችንን አንድ በአንድ አገኘናቸው፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደፈታ፣ ማን እንደወፈረ አወቅን። «ሰው የሚጠፋበት ዘመን እኮ አለፈ» ትይ ነበር።

አሁን ሳስበው ካገኘናቸው ሰዎች አንዱንም ሄደን አልጠየቅንም። የኮሌጅ ጓደኛችን ወርቅዬ ስትወልድ ልጇን ፎቶ ላይ አየን፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ጻፍንላት፣ ገንፎዋን ሳንቀምስ የጠየቅናት መሰለን። ሰው ይናፍቀናል፤ ፎቶውን እናያለን፤ ናፍቆቱ ይወጣልናል። ናፍቆት እግር እንደነበረው፣ ሰው ቤት ድረስ ይወስድ እንደነበር ረስተነው ነበር። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፣ ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። አሁንም ያ መስኮት ሥር የነበረው ሳቃችን ይናፍቀኛል።

የታኅሣሥ ልደታ ዕለት «ልሳለምና ልምጣ» ብለሽ በምሳ ሰዓት ወጣሽ። ስትመለሺ የሹራብሽ ክንድ አፈር ነክቶት ነበር።

«ምን ሆነሽ?» አልኩሽ።

«አንድ አባት መኪና ሊበላቸው ነበር። ጮህኩባቸው ሩሂ። እንዲህ ጮኼ አላውቅም። አባቴ የሚሆኑ ሰው ላይ...»

ውሃ ሰጠሁሽ። ልጆቹ ሲነቁ ፊትሽን ታጥበሽ ክፍል ገባሽ፤ ፊደል ስታስቆጥሪ ድምፅሽ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ቪዲዮውን ያየሁት በማግሥቱ ታክሲ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ እያየች ስትስቅ ድምፁን ሰምቼ ዞር አልኩ። የመጀመሪያው ክፍል የለም። ሲጀምር አንድ ሽማግሌ መሬት ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታየው፤ ባርኔጣቸው አስፋልት ላይ ወድቋል። አንቺ በላያቸው ቆመሽ «ዓይን የለዎትም? መሞት ከፈለጉ ቤትዎ ይሙቱ!» ብለሽ ትጮሂያለሽ። አለቀ። ከላዩ «ሽማግሌ ገፍትራ የጣለችው ሴት» ተብሎ ተጽፎበታል። ልጅቷን «ውሸት ነው» አልኳት። «እያየሽው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን ከአንቺ ውጪ የሆነውንም ልንገርሽ። እኔ ከሥሩ «ጓደኛዋ ነኝ፣ ሰውየውን ከመኪና ነው ያተረፈቻቸው» ብዬ ጻፍኩ። «ጓደኛዋ ከሆንሽማ ምን ልትይ ነበር» አሉኝ። ሌላው ደግሞ ፎቶዬን አውጥቶ መልኬን ሰደበ። ወዲያው ስምሽን አገኙት፤ ከስምሽ ትምህርት ቤቱን፣ ከትምህርት ቤቱ ከልጆቹ ጋር የተነሣሽውን ፎቶ። እኔና አንቺ በምሳ ሰዓት የምንሄድበት መንገድ እኮ ነው ሠርኬ! ያ መንገድ እንዲህ አጭር መሆኑ የገባኝ ወደ አንቺ ሲመጣበት ሳይ ነው።

ወላጆች መደወል ጀመሩ። ርእሰ መምህሩ ቢሮ አስገብቶሽ ስትወጪ በር ላይ እየጠበቅሁሽ ነበር። «እኔ አምንሻለሁ፣ ወላጆቹ ግን... ነገሩ እስኪበርድ ቤት ቆዪ» አለኝ ብለሽ ነገርሽኝ። አላለቀስሽም። ያ ነው ያስፈራኝ። የክፍል ጫማሽን ከበሩ ሥር ረስተሽው ሄድሽ፤ እስከ ዛሬ አላነሣሁትም። በሳምንቱ ስልክሽ ተዘጋ። ገጽሽ ጠፋ። ወይዘሮ ፀሐይቱ ቤት ስመጣ ክፍልሽ ባዶ ነበር፣ አልጋው እንኳ ተነጥፎ።

እውነቱን ልንገርሽና፣ ተቀየምኩሽ። ከሚያሳድድሽ ሕዝብ ስትሸሺ እኔንም ከእነሱ ጋር ቆጥረሽ የሸሸሽኝ መሰለኝ። «ለእኔ እንኳ?» እያልኩ ብዙ ቀን ተብሰለሰልኩ። ከዚያ ደግሞ ቅያሜው ሲሰለቸኝ ልፈልግሽ ተነሣሁ፤ በማውቀው መንገድ፣ በስልኬ። ስምሽን ከነአባትሽ ጻፍኩ። ያ ቪዲዮ መጣ። «መምህርት» ብዬ ጨመርኩበት፤ ያው ቪዲዮ፣ ሙዚቃ ገብቶለት። «ልደታ» ብዬ ጨመርኩ፤ ያው። ስንትና ስንት ልጅ ስሙን መጻፍ ካንቺ ተምሯል፤ አንዳቸውም የሉም። ሰዉ ሁሉ አንቺን የሚያውቅሽ በዚያች ቅጽበት ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን ግን ቀናኝ። ያክስትሽን ልጅ ገጽ አገኘሁት። የቤተሰብ ፎቶ ለጥፏል፤ ሰዎቹ ማዕድ ከበው ተቀምጠዋል። ፎቶው ጥግ ላይ ግማሽ ትከሻ አለ፣ ፊቱ አይታይም። አረንጓዴ ሹራብ። ሹራቡን እኔ ነኝ የገዛሁልሽ፣ አላጣውም። የት እንደተነሣ ለማየት ጣቴን ላሳርፍ ስል ቆምኩ። ይህቺ ልጅ እኮ ሆን ብላ ከፎቶው ወጥታለች፤ እኔ ደግሞ በትከሻዋ ጎትቼ ላስገባት ነው። ዘጋሁት። ተመልሼም አልከፈትኩትም። ይህን እንድታውቂልኝ ስለምፈልግ ነው የጻፍኩልሽ፦ ማግኘት እችል ነበር፣ ግን ተውኩት።

በምትኩ ወጣሁ። በእግሬ። ቪዲዮው ላይ ከኋላሽ አንድ ቢጫ ጃንጥላ ይታያል። ከልደታ ማርያም ወደ አብነት ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ሱቅ ደጃፍ የተተከለ ነው፤ ባለሱቁ ኸይረዲን ይባላል። ውሃ ገዛሁና ጠየቅሁት።

«የታኅሣሥ ልደታ ዕለት እዚህ ነበሩ?»

«እዚህ ያልነበርኩበት ቀን የለም።»

«አንድ ሽማግሌ ወድቀው፣ አንዲት ልጅ ስትጮህ...»

ሳያስጨርሰኝ «ያቺ ልጅ ደህና ናት?» አለኝ።

ሠርኬ፣ ያን ያህል ሰው ስለ አንቺ ሲያወራ «ደህና ናት?» ብሎ የጠየቀ እሱ የመጀመሪያው ነው። እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ እንባዬ መጣ። ወንበሩን ለቀቀልኝና ነገረኝ። አሸዋ የጫነ ገልባጭ ቁልቁል እየመጣ ነበር፤ ሽማግሌው ሳያዩ መሻገር ጀመሩ። አንቺ ከኋላ ኮታቸውን ጨምድደሽ ሳብሽ፣ ሁለታችሁም ወደቃችሁ፣ መኪናው ጡሩምባ እየነፋ በአጠገባችሁ አለፈ። አንቺ ቀድመሽ ተነሣሽ፣ ከዚያ መጮህ ጀመርሽ። «ድንጋጤ ነው» አለኝ። «እናቴም እንዲሁ ነበረች። አንዴ ከመኪና አተረፈችኝና ወዲያው በጥፊ አጮለችኝ።»

«ቪዲዮውን አይተውታል?»

«እንዴት አላየሁ! ሰዎች መጥተው ‹እዚህ ጋ ነው አይደል?› እያሉ ፎቶ ተነሥተዋል።»

«ታዲያ እውነቱን አልነገሯቸውም?»

«ነገርኳቸው እንጂ። ‹እሺ› ብለው ሄዱ።»

ሽማግሌውን በመልክ ያውቃቸዋል። አብነት ሰፈር ልብስ ሰፊ ልጅ እንዳለቻቸው ነገረኝ፣ የሱቋንም አቅጣጫ አሳየኝ። በማግሥቱ እየጠያየቅሁ ደረስኩ። ልጃቸው ቢፍቱ ትባላለች፤ የዩኒፎርም ጨርቅ ተቆልሎባት የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር። አባቷ አቶ ባጫ ጥግ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ባርኔጣዋን ሳያት አወቅኋት።

«አባቴ፣ የታኅሣሥ ልደታ ዕለት አንዲት ልጅ ከመኪና አትርፋዎት ነበር?» አልኳቸው።

አቶ ባጫ መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ነው። ቢፍቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«የምን መኪና? አባዬ፣ ‹ድንጋይ አደናቅፎኝ ወደቅሁ› አይደል ያልከኝ?»

«አደናቅፎኛልም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይኸውልሽ ልጄ፣ ብነግራት ኖሮ ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትከለክለኝ ነበር። አሁን አጋለጥሽኝ» አሉኝ።

ቪዲዮውን አሳየኋቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከፊታቸው አርቀው አዩት። እንደገና አዩት።

«ይሄ ጀርባ የእኔ ነው?»

«አዎ።»

«መኪናው ታዲያ የት ሄደ?»

«አልቀረጹትም» አልኳቸው። «መኪናው ከሌለማ» አሉ ባርኔጣቸውን እያገላበጡ፣ «ይህቺ ልጅ እብድ ናት እኮ የምትመስለው።»

ቢፍቱ ስልኩን ተቀብላ አየችና ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳለ ጨብጣ ቀረች። ቪዲዮውን ቀድሞ አይታዋለች፤ አባቷ መሆናቸውን ግን አላወቀችም። «እኔም ጽፌባታለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ። «‹እጅሽን ይቁረጠው› ነው ያልኳት። አባቴን በያዘው እጅ...» ፊቷን በተቆረጠው ጨርቅ ሸፈነች። አቶ ባጫ ተነሥተው ራሷን ዳበሷት። ያን ዕለት ሌላ ብዙ አላወራንም።

በሌላ ቀን ቢፍቱ ራሷ ቀረጸቻቸው። አቶ ባጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው የሆነውን ተናገሩ። «እኔ ነኝ የወደቅሁት ሰውዬ። አልገፋችኝም፣ ጎተተችኝ። አምላክ ይስጣት» ብለው ጨረሱ። ለጠፍነው። ስንት ሰው የሚያየው መስሎኝ ነበር! ጥቂት ዘመድ አየው፣ ጥቂት ሰው «ይቅርታ እህታችን» አለ። አንዱ «ስንት ተከፈለዎት አባት?» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው «ድራማ» አለ። ሌሎቹ ጭራሽ የሉም። ሌላ ቪዲዮ ወጥቶ ነበር፣ ሌላ ሰው አግኝተው እሱን እየተሳደቡ ነበር። ስድቡ በደረሰበት ቤት ሁሉ ይቅርታው እንደማይደርስ ያኔ ገባኝ። ስልኬን ይዤ ቢፍቱ ሱቅ ውስጥ አቀረቀርኩ።

«ስንት ሰው አየው?» አሉኝ አቶ ባጫ።

ነገርኳቸው።

«እነዚያን ተያቸው። አያውቋትም፣ እኔም አላውቃቸውም። የሚያውቋት የት ነው ያሉት?»

«ትምህርት ቤት። የልጆቹ ወላጆች።»

«ታዲያ እዚያ ነዋ!» አሉና ዱላቸውን አነሡ።

ሠርኬ፣ ብታዪያቸው! ልጆች በሚወጡበት ሰዓት በሩ ላይ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። እናቶቹን አንድ በአንድ ያስቆማሉ። «ደህና ዋልሽ ልጄ? ያ ቪዲዮ ላይ የወደቀው ሽማግሌ እኔ ነኝ። መምህሯ አትርፋኝ ነው።» አንዳንዱ ይደነግጣል። አንዳንዱ «እሺ አባቴ» ብሎ ልጁን እየጎተተ ያልፋል። መኪና ውስጥ ሆና መስታወቷን የዘጋችባቸውም አለች። እሳቸው ቅር አላላቸውም። በማግሥቱም መጡ፣ በሦስተኛውም ቀን። ጥበቃው ወንበር አወጣላቸው። ቢፍቱ ሥራዋን ትታ መንገድ ታሻግራቸዋለች፣ እንደፈሩትም ብቻቸውን አትለቃቸውም።

የተማሪሽ የኤልዳና እናት የዚያን ሰሞን መጀመሪያ የደወለችው ሴት ናት። አቶ ባጫ ኋላ እንዳጫወቱኝ፣ ሲነግሯት እስከ መጨረሻው ሰማችና «እኔ እኮ ቪዲዮውን ለወላጆች ሁሉ ልኬዋለሁ» አለች።

«እንግዲያው ይኼንንም ላኪው» አሏት።

«ይሄ የሚላክ አይደለም፣ አባቴ። ማን ያምነኛል?» አለችና ትንሽ አስባ ልጇን በአንድ እጇ፣ እሳቸውን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ሌሎቹ እናቶች ወሰደቻቸው። እዚያ በር ላይ ቆመው ሲያወሩ ከክፍሌ መስኮት አየኋቸው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ግን ስልኩን ያወጣ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ርእሰ መምህሩ ወጥቶ አቶ ባጫን ቢሮ አስገባቸው። ሲወጡ እስከ በሩ ሸኛቸውና ወደ እኔ መጥቶ «ካገኘሻት ክፍሏ ይጠብቃታል በያት» አለኝ። ዓይኔን እያየ አልነበረም።

ይህን የጻፍኩልሽ ተመለሺ ልልሽ አይደለም። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ብዬም አልዋሽሽም። ትናንት ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ለመውረድ ዘግየት ያሉ እናትን «ቤትዎ ይሙቱ» ብሎ ሲቀልድ ሰዉ ሳቀ። እኔ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ያቺ ቃል ከአንቺ አፍ ወጥታ የማንም ሆናለች፤ ማንም ሊመልስልሽ አይችልም። ስምሽን ስጽፍም አሁንም የሚመጣው ያው ነው። ነገር ግን በልደታና በአብነት መካከል ስምሽ ሲነሣ ሌላ ነገር የሚናገር ሰው አለ፤ በእግሩ እየሄደ የሚናገር። ይህ ትንሽ ነው ወይስ ብዙ፣ እኔ መመዘን አልቻልኩም። አንቺ መዝኚው።

አቶ ባጫ ይህን እንደምጽፍልሽ ሲያውቁ «የእኔንም ጻፊላት» አሉኝ። የተናገሩትን ሳልቀንስ ነው የማሰፍርልሽ፦

«ልጄ ሠርካዲስ፣ ሰድበሽኛል፣ እውነት ነው። ተሰድቤም በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ባትሰድቢኝ፣ ማለቴ ባትደርሺልኝ ኖሮ፣ በሰው ትከሻ ነበር የምገባው። የተቀየምኩሽ መስሎሽ ከሆነ አልተቀየምኩም። አንቺ ደንግጠሽ ነው የጮህሽው፤ እኔ ደንግጬ ነው ዝም ያልኩት። ያን ዕለት ከመሬት እንደተነሣሁ ባመሰግንሽ ኖሮ ቀራጩ ያን ጨምሮ ይቀርጸው ነበር። ዝምታዬ ነው የጎዳሽ፤ እሱን ይቅር በይኝ።»

ሊጠይቁሽ ይፈልጋሉ። ቢፍቱም ትፈልጋለች፤ ፊትሽን አይታ ይቅርታ ሳትጠይቅ እንቅልፍ አይወስደኝም ብላለች። እኔንማ አታንሺኝ። የት እንዳለሽ ግን አናውቅም፣ እንድናውቅ ካልፈቀድሽም ማወቅ አንፈልግም። ስለዚህ እንደ ጥንቱ ደጅሽ ቆመን እንጠይቅሻለን፦ እንምጣ?

እሺ ካልሽ ሦስታችንም እንመጣለን። እምቢ ካልሽም፣ ወይም ዝም ካልሽ፣ እንቀራለን፤ አንፈልግሽም። አንፈልግሽም ስልሽ፣ ሠርኬ፣ ፍለጋ አንወጣም ማለቴ ነው። መፈለጉንማ እንፈልግሻለን።

የአንቺው
ሩሃማ
ልደታ፣ የካቲት